ስለቱ የሶሊንገን፣ እጀታው የጎጃም

ደብረ ማርቆስ፣ አጎቴ ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከአያቴ ፎቶግራፍ በስተቀኝ የተሰቀለ አንድ ጎራዴ አለ። ስለዚህ ጎራዴ ስሰማ ያደግሁት ታሪክ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ቅድመ አያቴ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ጋር ዘምተው ዓድዋ ላይ የታጠቁት ነው የሚል ነው። በበዓል ቀን እንግዳ ሲመጣ አጎቴ ከግድግዳው ያወርዱታል፣ እስከ ግማሹ ከአፎቱ ይመዙታል፣ ታሪኩን ይናገራሉ፣ መልሰውም ይሰቅሉታል። የቤቱ ልጆች ከዚያ አልፈን እንድንነካው ተፈቅዶልን አያውቅም።

የሰው አገር ሰይፍና ጩቤ ስሰበስብና ስመረምር አሥራ ስድስት ዓመት ከቆየሁ በኋላ የራሴን ቤተሰብ ጎራዴ በአጉሊ መነጽር ያየሁት ገና ባለፈው ዓመት ነው። ያየሁትን ከመናገሬ በፊት ግን ማየቱን እንዴት እንደ ተማርኩ መናገር ይኖርብኛል፤ አለበለዚያ ከአጎቴ ጋር የተነጋገርነው ሁሉ የማያምን ልጅ ክርክር ብቻ ይመስላል።

ሙያዬ ቶርኖ ነው። ጎጃም በረንዳ አካባቢ አንድ ቶርኖ ቤት ውስጥ ጀምሬ፣ ዛሬ ኮሎኝ ከተማ አጠገብ በሚገኝ ፋብሪካ ብረት እየቆረጥሁ እኖራለሁ። ወደ ሰይፍ የሳበኝም ብረቱ ነው። የመጀመሪያዬን የገዛሁት እሑድ እሑድ ከሚቆም የአሮጌ ዕቃ ገበያ በ60 ዩሮ ሲሆን፣ ሻጩ «የዓረብ ሰይፍ፣ 18ኛው ክፍለ ዘመን» የሚል ካርቶን በክር አስሮበት ነበር። ስለቱ በዝገት ጠቁሯል፣ የእንጨት እጀታው ተሰንጥቋል፣ አፎት የሚባል ነገር የለውም። ቤት እንደ ደረስሁ፣ ብረት የማውቅ ስለ መሰለኝ ሳልጠይቅ ሳልመረምር፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ጀመርሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ካሸሁ በኋላ ከዝገቱ ሥር ፊደል ብቅ አለ፤ ፊደሉ ግን የዓረብ ሳይሆን የእኛው ነበር። «አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው በደብዛዛው ይነበባል። ከእሱ ቀጥሎ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ስም በገዛ እጄ ተፍቆ ሄዷል። ያ ስም ቢተርፍ ኖሮ የጎራዴው ዘመን ያለ ምንም ክርክር በታወቀ ነበር። ዛሬም ጎራዴውን ከመደርደሪያው ባነሣሁት ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚያ በሚያብረቀርቅ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

እንዴት በቀላሉ ተፋቀ የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ትምህርቴ ሆነ። ስለት ላይ ምልክት የሚቀመጥባቸው መንገዶች ከሞላ ጎደል ሦስት ናቸው። በማኅተም የተመታ ምልክት ብረቱን ወደ ጎንና ወደ ታች ስለሚገፋው፣ ጠርዙ ላይ በጣት የሚዳሰስ እብጠት ይተዋል፤ ብዙ ቢፋቅም ቶሎ አይጠፋም። በመቅረጫ የተቀረጸ መስመር ከታች የሾለ ሲሆን፣ መሣሪያው የገባበትና የወጣበት ቦታ እየቀጠነ ይሄዳል። በአሲድ የተበላ ጽሑፍ ግን ወለሉ ሻካራ፣ ጥልቀቱም የጸጉር ያህል ስለሆነ ዝገትና ብርጭቆ ወረቀት ሲተባበሩበት አይቆይም። ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገቡት የአውሮፓ ስለቶች አንበሳቸውና ጽሑፋቸው የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በሦስተኛው መንገድ ነው።

ከተረፉት ፊደላት መካከል ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አገኘሁ። «ዘ» የተጻፈችው ጫፎቿ ላይ ትንንሽ እግር ባላቸው ሁለት ቋሚዎች ሲሆን፣ አጥብቄ ስመለከታት የላቲኑ «ኤች» ራሱ ነች። ከ«አንበሳ» በፊት ብቻዋን የቀረችው የ«ሞዐ» «ዐ»ም እንደዚሁ የላቲኑ «ኦ» ነበረች፤ ክብነቷ በኮምፓስ የተሠራ ይመስላል። ሠሪው የእኛን ፊደል የማያነብ፣ የሰጡትን ወረቀት እያየ የሚገለብጥ፣ ከሚያውቀው ፊደል ጋር የተመሳሰለለትን ሁሉ በሚያውቀው የሚተካ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ለማስተዋል ጀርመናዊው ሻጭ ዕድል አልነበረውም። አማርኛ የሚያነብ ሰው በዚህ ሥራ ላይ ያለው ብልጫ ትንሽ አይደለም፤ የአውሮፓ ሻጮች «የማይታወቅ የምሥራቅ ጽሑፍ» ብለው ያለፉትን እኛ እንደ ጋዜጣ እናነበዋለን።

ከኮሎኝ ወደ ሶሊንገን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሶሊንገን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሰይፍ የምትሠራ ከተማ ስትሆን፣ ስለት የሚያጠነክሩና የሚሞርዱ ባለሙያዎቿ የማኅበር መብታቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1401 ነው። የከተማዋ ዋና ጉልበት ውፐር የሚባለው ወንዝ ነበር። በወንዙ ዳር የነበሩት የመሞረጃ ቤቶች ድንጋዮቻቸውን የሚያዞሩት በውኃ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ባልክሃውዘር ኮተን ከሚባለው ቤት ገብቼ ትልቁን የመሞረጃ ድንጋይ ያየሁ ጊዜ የኛ አገር ወፍጮ ቤት ትዝ አለኝ። ሥራው በእጅና በሙያ የተከፋፈለ ነበር፤ አንዱ ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ያጠነክራል፣ ሦስተኛው ይሞርዳል፣ ሌላው እጀታ ይገጥማል። ብዙ ጊዜ ግን ስለቱ ያለ እጀታ ተሸጦ ይወጣ ነበር፤ በሄደበት አገር ያለው ባለሙያ እንደየባህሉ ይገጥምለታል። ግሬፍራት በሚባለው የከተማዋ ክፍል፣ በአንድ አሮጌ ገዳም ሕንፃ ውስጥ የሚገኘው የጀርመን የስለት ሙዚየም ውስጥ ስዘዋወር የገባኝ ይህ ነው፤ እኔ «የማን አገር ሰይፍ ነው?» ብዬ ስጠይቅ የኖርሁት ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ነበር።

አንድ ሰይፍ ብዙ አገር ሊኖረው ይችላል። በስኮትላንድ ሰይፎች ላይ «አንድሪያ ፌራራ» የሚል የጣልያን ስም ተጽፎ ሲገኝ፣ ከስለቶቹ ብዙዎቹ የተሠሩት ሶሊንገን ውስጥ ነው። የሶሊንገን ሠሪዎች ገበያ ለመሳብ ሲሉ በስለታቸው ላይ «ቶሌዶ» ብለው የጻፉበት ጊዜም አለ። የፓሳው ከተማ ምልክት የነበረውን የሚሮጥ ተኩላም ወስደው የራሳቸው አድርገውታል፤ አንዳንድ ጊዜ የተኩላው መስመር በናስ የተሞላ በመሆኑ ስለቱ ጥቁር ሆኖ እንኳ ቢጫው ይታያል። ሕንዶች ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ ስለት በራሳቸው እጀታ የተገጠመለትን ሰይፍ «ፊራንጊ» ይሉታል። ይህን ቃል መጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ፤ የሕንድ ሕዝብ የሆኑት ማራታዎች ሰይፋቸውን የሚጠሩበት ስም እኛ ነጭን የምንጠራበት «ፈረንጅ» ነው። እኛ ቃሉን ለሰውዬው አደረግነው፣ እነሱ ሰውዬው ለሸጠላቸው ብረት አደረጉት።

ወደ ጎረቤታችን ሱዳን ስንመጣ፣ ሰብሳቢዎች «ካስካራ» የሚሉት፣ ሱዳናውያን ግን በቀላሉ ሰይፍ ብለው የሚጠሩት ቀጥ ያለ ባለ ሁለት ስለት መሣሪያ አለ፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ሲሆን መስቀል የመሰለ የእጅ መከላከያ አለው። ስለቱ ላይ ፊት ያላት ግማሽ ጨረቃ ተመትታ ከታየች ብዙ ሰው «የእስልምና ምልክት ነው» ብሎ ይደመድማል። ጨረቃዋ ግን መጀመሪያ የአውሮፓ ሠሪዎች ምልክት ስትሆን፣ ጥሩ ስለት የአውሮፓ ስለት ነው የሚል እምነት በመስፋፋቱ የአገሬው ቀጥቃጮች አስመስለው መምታት ጀመሩ። ስለዚህ ጨረቃዋ ብቻዋን ስለቱ ከየት እንደ መጣ አትናገርም። እኔ የማየው የጨረቃዋን ፊት አሠራር ነው። ዓይንና አፍንጫ በአንድ ማኅተም ባንዴ ተመትተው ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ በትንሽ መሮ እየተነቀሱ የተሠሩ ከሆነ ሌላ ነው። ከሱዳኗ ከተማ ከከሰላ ገበያ ዛሬም አዲስ ሰይፍ ይገዛል፣ ጨረቃም አለበት። መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁበት ጦርነት በፊትም ሆነ በኋላ በዚያ ድንበር ብረት ወዲያና ወዲህ ሲሻገር ስለ ኖረ፣ የድርቡሽ ስለት በሐበሻ እጀታ ተገጥሞ ያየሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው።

የተሳሳተ ስም የመስጠት ነገር ከተነሣ ሾተልን ሳላነሣ አላልፍም። የአውሮፓ ሻጮች ከኢትዮጵያ የመጣ ማናቸውንም ረጅም ስለት «ሾተል» ይሉታል። ሾተል ማለት ግን እንደ ማጭድ አጥብቆ የጎበጠ፣ በሁለቱም ወገን የተሳለ፣ መሐሉ ከፍ ብሎ ወደ ጠርዞቹ የሚሳሳ ስለት ያለው ነው፤ መጉበጡም የተቃዋሚን ጋሻ ዞሮ ለማግኘት ነው ይባላል። ጎራዴ ጥቂት ብቻ ይጎብጣል፣ የሚቆርጠውም በአንድ ወገኑ ነው። የሁለቱም እጀታ መሐሉ ቀጥኖ ወገብ ያለው በመሆኑ ተመሳስለው መታየታቸው አይገርምም። ሌላው መለያ አፎቱ ነው። አባቶቻችን የሚታጠቁት በቀኝ ጎናቸው ነበር፤ ግራ እጃቸው ጋሻ ስለሚይዝ። በዚህ ምክንያት የአፎቱን ቆዳ ጌጥና የማንጠልጠያውን አቅጣጫ ማየት ብቻውን ዕቃው በአገሩ ልማድ የተሠራ ይሁን ወይም በኋላ ለጌጥ የተገጠመለት ብዙ ይጠቁማል።

በቸርችል ጎዳና የሚሸጡትን የማስታወሻ ሰይፎች አልንቅም፤ ሠሪዎቹ እንጀራቸው ነው። አሮጌ ተብሎ ሲሸጥ ግን ውፍረት የሚለካውን ካሊፐር ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ለመዋጊያ የተሠራ ስለት ከእጀታው አጠገብ ስድስት ሚሊሜትር ያህል ወፍሮ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ እንዲህ ካልሆነ እጅ ላይ ይከብዳል፣ ሲወዘወዝም ጫፉ ይጎትታል። ለግድግዳ የተሠራው አንድ ወጥ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ከሆነ ብረቱ ራሱ ጠንካራ ስለሆነ መጥፎ ቢላ አይወጣውም፤ ከመኪና መምጣት በፊት የተሠራ ግን ሊሆን አይችልም።

እኔም ተሞኝቻለሁ። «የሐበሻ ጩቤ» ተብሎ 140 ዩሮ የከፈልሁበት አንድ ቀጭን ስለት ነበር፤ የቆዳ አፎቱ አሮጌ፣ የቀንድ እጀታውም የተዋጣለት ነው። ከሁለት ወር በኋላ በጀርባው በኩል፣ ማለትም በማይቆርጠው ወፍራም ወገን ላይ፣ እንደ እጅ ጽሑፍ የተቀጣጠለ ደቃቅ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ አየሁ፤ የሴንት ኤትየን መሣሪያ ፋብሪካ ስምና 1877 የሚል ዓመት። ስለቱ ከጎን ሲታይ ቀጭን፣ ጀርባው ግን ሰፋ ብሎ «ቲ» የሚባለውን የላቲን ፊደል ይመስላል። አባቶቻችን ውጅግራ የሚሉት፣ በፈረንሳይኛ «ግራ» የሚባለው ጠመንጃ ሳንጃ ነበር፤ ሙሉ ስለቱ 52 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን የእኔው ተቆርጦ አጥሯል። መጀመሪያ ተናደድሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን የተሞኘሁ አልመሰለኝም፤ ጠመንጃው ከጥቅም ውጪ ሲሆን ሳንጃውን አሳጥሮ፣ ቀንድ ገጥሞ፣ ወገቡ ላይ የታጠቀ ሰው አለ፤ ለዚያ ሰው ይህ ጩቤው ነበር። ካርቶን ላይ የሚጻፈው መግለጫ ረዘመ እንጂ ዕቃው አልረከሰም።

ስለ እጀታ ስናገር የመናዊውን ጀምቢያ አስቀድማለሁ፤ የጀምቢያ ዋጋ ያለው ከሞላ ጎደል እጀታው ላይ ነውና። ስለቱ ተራ ሊሆን ይችላል። በእጅ መዳሰስ ብዛት ያማረና ያሸበረቀ የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ግን «ሰይፋኒ» ተብሎ በትልቅ ገንዘብ ይሸጥ ነበር፤ የምሥራቅ አፍሪካ አውራሪስም የጠፋው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሰሜን የመን የቀንዱን ማስመጣት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። የእኛም የጎራዴና የሾተል ምርጥ እጀታ ከዚሁ ቀንድ ይሠራ ስለ ነበር፣ ለይቶ ማወቅ ግድ ይላል። የበሬ ወይም የጎሽ ቀንድ በአጥንት ላይ የተሸፈነ ባዶ ቀፎ ነው፤ ሲቆረጥ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ያሳያል። የአውራሪስ ቀንድ ግን አጥንት የለውም፤ እንደ ጸጉር ያሉ ጭረቶች ተጣብቀው የተሠራ በመሆኑ በአግድም በተቆረጠበት ቦታ ላይ በአጉሊ መነጽር ደቃቅ ነጠብጣብ፣ በቁመቱ ደግሞ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ከኋላው የእጅ ባትሪ ሲበራበት በሳሳው ቦታ የማር ቀለም ያስተላልፋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከአገር ወደ አገር ማንቀሳቀስ እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈረመውና ሳይተስ የተባለው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ይመለከተዋል፤ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥም ለሽያጭ ከቀረበ እ.ኤ.አ. ከ1947 በፊት የተሠራ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። እኔ አልገዛም፤ ለማየት ብቻ እጠይቃለሁ።

ጃፓኖች በዚህ በኩል የሚያስቀና ልማድ አላቸው። ካታና የሚባለው ሰይፋቸው እጀታ በስለቱ ጭራ፣ ማለትም እጀታው ውስጥ በሚገባው ክፍል ላይ የሚያዘው በአንዲት የቀርከሃ ችንካር ነው። ችንካሯ ተገፍታ ስትወጣ እጀታው ይወልቃል፣ ከውስጡም የሠሪው ስም የተቀረጸበት ጭራ ይገለጣል፤ ጭራው ላይ ያለው ዝገት ራሱ የዕድሜው ምስክር ስለሆነ ማጽዳት ነውር ነው። ይህን ባነብ ኖሮ ያንን ብርጭቆ ወረቀት አላነሣም ነበር። ክሪስ በሚባለው የኢንዶኔዥያ ጩቤ ደግሞ ስለቱ፣ እጀታውና አፎቱ ከተለያየ ዘመን መሆናቸው እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ ስለቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲሻገር እጀታው እንደ ባለቤቱና እንደ አካባቢው ልማድ ሊቀየር ይችላል። የኛ ጎራዴ ጭራ ግን በእጀታው ውስጥ አልፎ በራሱ በኩል ይወጣና ጫፉ ተቀጥቅጦ ይደፈናል። ለመፍታት ማለት ለመስበር ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ለእረፍት ስመጣ አጎቴን ፈቃድ ጠየቅሁ። «ጋሼ፣ ጎራዴውን በደንብ ልየው?» አልኳቸው። «እየው እንጂ፣ ማን ከለከለህ?» አሉኝ፤ አርባ ዓመት የከለከሉኝን ሰውዬ ቀና ብዬ አየኋቸው። ጠረጴዛው ላይ ነጠላ አንጥፌ አስቀመጥሁትና ሙሉ በሙሉ መዘዝሁት። እንግዳ ሲመጣ የሚታየው ወገን ላይ ዘውድ የጫነና መስቀል የያዘ አንበሳ አለ፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌላው ወገን በአሮጌ ቅባትና በጢስ ጠቁሮ አንድ ወጥ ሆኗል። በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ቀጭን ዘይት፣ እያቆየሁ፣ ሳላሽ፣ እየጠረግሁ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆየሁ። መጀመሪያ የወጣችው «ኀ» ነበረች ብዬ ገመትሁ፤ ከዚያ «ሥላሴ» ተነበበ። ሙሉው «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ማዕርግ ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተፈጸመው የዘውድ በዓል ዘመን ወዲህ ነው። በሠላሳ አምስት ዓመት ይራራቃሉ።

አነበብሁላቸው። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ራሳቸውም አነበቡት።

«ታዲያ አባባ ዓድዋ አልዘመቱም ልትለኝ ነው?»

«እሱን ጎራዴው አይናገርም ጋሼ። እኔ የማነበው ስለቱን ብቻ ነው።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም ብዬ ወደ እጀታው አለፍሁ፤ እጄ ሥራ ቢይዝ ይሻላል ብዬ ነው። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው፤ በእጅ ባትሪው ማር መሰለ፣ ወገቡ በአንድ በኩል ከሌላው ይበልጥ በመዳፍ ተበልቶ ለስልሷል። ራሱ ላይ አንድ ጠገራ ብር ተገጥሟል፤ ጭራውም መሐሉን በስቶ ወጥቶ ተቀጥቅጧል። ብሩ ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ። የአጎቴ ልጅ በደስታ ዘሎ «ይኸው፣ እንዲያውም ከዓድዋ ይቀድማል!» አለ። ማርያ ቴሬዛ ያረፈችው በዚያ ዓመት ሲሆን፣ ገንዘቧ ከዚያ በኋላም ለዘመናት በዚያው ቀን ሳይለወጥ ሲመታ እንደ ኖረ ነግሬው አሳዘንሁት። ስለቱ ወደ ቀንዱ በሚገባበት በኩል ግን ያልጠበቅሁት ነገር ነበር። የቀንዱ ቀዳዳ ለዚህ ጭራ ይሰፋል። በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት በቀጫጭን የመዳብ ቅጠል ተወጥሮ በጥቁር ነገር ተደፍኗል፤ ቀንዱ ፊት ላይ ደግሞ የሌላ፣ ሰፋ ያለ ስለት ትከሻ ያረፈበት ጠባሳ አለ። ካሊፐር አስገባሁ፤ ጠባሳው ከዛሬው ስለት ትከሻ በአራት ሚሊሜትር ይበልጣል። እጀታው ከዚህ በፊት ሌላ ስለት ይዞ ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ለአጎቴ እያስረዳሁ ሳለ እትዬ፣ ታላቅ እኅታቸው፣ ቡና ከሚያፈሉበት ሆነው «ስለቱንማ አባባ አስቀይረውት የለም እንዴ?» አሉ፤ ሁላችንም ዞር አልን። እትዬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በልጅነታቸው ቀጥቃጩ ግቢ ድረስ መጥቶ ወናፉን ተክሎ እንደ ሠራ ያስታውሳሉ። «ያንን ብረት አግሎ ቀንዱ ውስጥ ሲሰድደው የሸተተው ሽታ! እናቴ ልጆቹን አስወጡልኝ ብላ ጮኸች። እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።» የመጀመሪያው ስለት የት ደረሰ ብዬ ስጠይቃቸው «እሱን እንጃ፤ ተሰብሮ ይሆናል» አሉና ወደ ረከቦታቸው ተመለሱ።

ቀንድ በጋለ ብረት ሲበሳ እንደ ተቃጠለ ጸጉር እንደሚሸት የሠራበት ያውቀዋል። ተመልሼ በአጉሊ መነጽር አየሁ። ሙጫ ነው ብዬ ያለፍሁት ጥቁር ነገር ከመዳቡ ውጭ ያለው ሙጫ ሲሆን፣ ከውስጥ ያለው ግን የቀንዱ የራሱ ግድግዳ ተቃጥሎ ከሰል የሆነበት ነው። ሳላየው አልቀረሁም፤ ምን እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም ነበር።

የስለቱ ሠሪ ማን እንደ ሆነ አሁንም አልታወቀም። አንበሳው አሳሳሉ፣ የፊደላቱ እግር፣ ስለቱ ላይ በርዝመቱ የተቆፈረችው ቦይ አጨራረስ ወደ ሶሊንገን ይመራሉ። የሠሪው ማኅተም ካለ ደግሞ ከእጀታው አፍ በታች፣ ቀንዱ ውስጥ ነው። አጎቴ በሦስተኛው ቀን፣ ነገሩ እሳቸውንም ይዟቸው ኖሮ፣ «ይፈታ ይሆን? አንድ ጎበዝ አንጥረኛ አውቃለሁ» አሉኝ። አይፈታ አልኳቸው። ብሩን ለማውጣት ጭራው ጫፍ ላይ በሞረድ መብላት አለበት፤ ቀንዱም ደርቋል፣ ይሰነጠቃል። ወደ ኮሎኝ ይዤው ሄጄ በመሣሪያ ላሳየው የሚለውንም ሐሳብ ራሴው ዘጋሁት። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ የቀንዱም ጉዳይ ሌላ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ግድግዳው ላይ ሚስማሩ አለ። መቅደላ ላይ በ1860 ዓ.ም. የተዘረፈው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ እንደ ተጫነ ስናነብ የኖርን ሰዎች፣ በሻንጣ ማውጣት አይከብደንም ማለት አይገባንም።

የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለቱ በቆዳ አፎት ውስጥ ሲከርም ቆዳው የያዘው እርጥበትና የተለፋበት ነገር ስለሚያዝገው፣ ዘይት ተቀብቶ ከአፎቱ ውጭ ቢሰቀል ይሻላል አልኳቸው። «ራቁቱን?» ብለው ተቆጡ። በዚህ አልተግባባንም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ተመዝዞ እንዲቀባ ተስማማን።

በፋሲካ የአጎቴ ልጅ ቪዲዮ ላከልኝ። እንግዶች ተቀምጠዋል፣ ጠጅ ቀርቧል። አጎቴ ጎራዴውን አወረዱ፣ ግማሽ ድረስ መዘዙ፣ አንበሳውን አሳዩ፣ ስለ ቅድመ አያቴና ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር እንደ ወትሮው ተናገሩ። ከዚያ ቀሪውን ግማሽ መዘዙና ስለቱን ገልብጠው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ «ይኸኛው ግን በኋላ የገባ ነው፤ እትዬ ትንገራችሁ» አሉ። ቪዲዮው እትዬ «ያ ሽታ እኮ…» ብለው ሲጀምሩ ይቆማል።